ዳቦ ቤቱን ያጨስኩት እኔ ነኝ፤ ሙቀቱን አትክሰሱት

ሰሞኑን ስለ ነዳጅ ቁጠባ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። ከምድጃ ጭስ ጋር የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ለእሳቱ የሚገባውን አየር ማሞቅ ለትልልቅ የብረት ፋብሪካዎች የተፈጠረ ዘዴ ነው፤ በእኛ ከተሞች ትርፉ ወጪና ጣጣ ብቻ ነው ይላል። ጸሐፊው ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ደርድረዋል። በዓይን የታየ ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ጅማ ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት መሣሪያውን አስገጥሞ በሦስተኛው ወር ነቅሎ ጥሎታል።

ዳቦ ቤቱን አውቀዋለሁ። መሣሪያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ጸሐፊው ማን እንደገጠመው አልጻፉም፤ ምናልባትም አያውቁም። ቢሆንም የእኔ ጥፋት የሙያው ጥፋት ሆኖ ሲቀርብ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በሁለት ቃል ላስረዳ። በብዙ ቤት የሚገኘውን “ምርት” የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አስቡት። ምጣዱ ሥር ሥራውን የጨረሰው እሳት በኋላ በኩል ሲወጣ እግረ መንገዱን የተጣደ ድስት ያሞቃል። የእኛም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የምናሞቀው ድስት ሳይሆን እሳቱ የሚተነፍሰውን አየር ራሱን መሆኑ ነው። ጭሱ በአንድ በኩል፣ አየሩ በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው ስስ ብረት። መሣሪያው ሬኩፐሬተር ይባላል። አየሩ በርነሩ (ነዳጁን ከአየር ጋር የሚያነደው ክፍል) ጋ ሲደርስ ሞቆ ስለሚገባ እሱን ለማሞቅ ይጠፋ የነበረው ነዳጅ ይተርፋል።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ “ጭስ ውስጥ ያለው ሙቀት ጭስ ማውጫው እንዲስብ የሚያስፈልግ ነው፤ ከወሰዱበት ምድጃው ይታፈናል” የሚል ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰው ያሳስታል። ጭስ ማውጫ የሚስበው ውስጡ ያለው ጋዝ ውጭ ካለው አየር ስለሚቀል ነው፤ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ስበቱ ይቀንሳል። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። አሉሚኒየም የሚያቀልጥ ምድጃ ጭሱን በ900 ዲግሪ ያወጣል እንበል። ከነዳጁ ሙቀት ወደ ግማሽ የሚጠጋው በዚያው ይወጣል ማለት ነው። የሚገባውን አየር እስከ 300 ዲግሪ ብናሞቅ ጭሱ ወደ 670 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የሁለቱን ክብደት ከውጭው አየር ጋር ስታስተያዩት ስበቱ የሚቀንሰው ከመቶ 8 ያህል ነው። ይህ የሚሆነው ስበቱ ከሙቀቱ ጋር እኩል ስለማይሄድ ነው፤ 600 ዲግሪ ላይ የደረሰ ጋዝ አስቀድሞ ቀሏል፤ ከዚያ በላይ መሞቁ ብዙም አይጨምርለትም። በእርግጥ ጭሱ በጠባብ ቱቦ እንዲሽሎከለክ ከተደረገ መታፈን አይቀርም፤ ያ ግን የቱቦው ጥበት ያመጣው ነው፤ የሙቀቱ መወሰድ አይደለም።

“አዲስና ውድ የውጭ ቴክኖሎጂ” ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም። ጄምስ ኒልሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ የብረት ማቅለጫ ምድጃ በሞቀ አየር ሲነፋ የሚፈጀው ከሰል እንደሚቀንስ አሳይቶ የባለቤትነት መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። ያኔ የብዙዎቹ ብረት አቅላጮች እምነት የተገላቢጦሽ ነበር፤ ምድጃ በክረምት የተሻለ ስለሚሠራ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል ይሉ ነበር። የሲመንስ ወንድማማቾች ደግሞ በ1850ዎቹ የጭሱን ሙቀት በጡብ ውስጥ አጠራቅሞ ለአየሩ የሚያስረክብ ምድጃ ሠሩ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ሲቀልጥ ግላስጎው ውስጥ በሞቀ አየር መንፋት የቆየ ወግ ነበር። አዲስ ነገር የለውም።

ሦስተኛውን ነጥብ ሳነብ ግን ብዕሬን አነሳሁ፤ ጅማን ይመለከታልና። ጸሐፊው “የጅማ አየር ከከፍታዋ የተነሳ ሳስቷል፤ ከዝናቧ የተነሳ ረጥቧል፤ ይህን አየር ማሞቅ የባሰ ማሳሳት ነው” ይላሉ። ጥሩ ታዝበዋል፤ ብዙ መሐንዲስ እንኳ ይህን ይዘነጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። የሻይ ውኃችን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየራችንም ከጅቡቲ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ኪሎ አየር እኛ ጋ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ በትክክል ለመንደድ ወደ 12 ኪሎ አየር ስለሚፈልግ ጅማ ላይ ከ12 ሜትር ኩብ ያላነሰ መንፋት አለብን ማለት ነው፤ ወደብ ላይ ያለ ሰው 10 ይበቃዋል። ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ብሎወር (አየር የሚነፋው ማራገቢያ) ጅማ መጥቶ እሳቱን ጥቁር ጭስ ሲያስተፋው ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የተሞቀው አየር የባሰ መሳሳቱስ? አዎ፣ 300 ዲግሪ የደረሰ አየር መጠኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ብሎወሩ ከሬኩፐሬተሩ በፊት፣ በቀዝቃዛው በኩል ይቀመጣል። ቀዝቃዛውን አየር ይገፋል፤ አየሩ ከዚያ በኋላ ይሞቃል፤ የገባው ኪሎ ያው ነው። ከመሣሪያው እስከ በርነሩ ያለው ቱቦ ግን መስፋት አለበት፤ እኔ ባለ 4 ኢንቹን በባለ 6 ነው የተካሁት። ጸሐፊው ያላዩት ሌላም ነገር አለ። ነዳጁ ሲቀንስ የሚያስፈልገው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነዳጅ ከመቶ 15 ከቀነሰ ብሎወሩም ከመቶ 15 ያነሰ አየር ይበቃዋል። ከፍታው ከነጠቀን ላይ አብዛኛውን በዚህ በኩል አስመልሰናል። እርጥበቱ አያሳስብም፤ ሐምሌ ላይ እንኳ በአንድ ኪሎ አየር ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት 20 ግራም አይሞላም።

አሁን ወደ ዳቦ ቤቱ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለቤቱ የናፍጣ ዋጋ ቢያንገበግባቸው “አንተ ልጅ፣ ይህ በጣሪያ የሚወጣው ሙቀት አያሳዝንህም?” አሉኝ። አሳዘነኝ። የውኃ ቧንቧ ገዝቼ እንደ ጥምጥም አዟዙሬ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተትኩ፤ አንዱን ጫፍ ወደ ውጭ አወጣሁ፤ ሌላውን ከበርነሩ አየር መሳቢያ ጋር ገጠምኩ። በርነሩ ሞተሩም ማራገቢያውም እሳት ጠባቂ ዓይኑም በአንድ ሣጥን የታጨቁበት ዓይነት ነው፤ አብዛኞቹ ዳቦ ቤቶቻችን ያላቸው እሱን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። በእጄ ነካሁት፤ የሚገባው አየር ይጋረፋል። ባለቤቱ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ።

በሦስተኛው ወር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋጋሪው ነው፤ “ና፣ ቤቱ ጨሰ” አለኝ። ስደርስ በር ላይ ቆሞ ያስላል፤ ፊቱ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው። በርነሩን ሳየው ሰማያዊና ቢጫ የነበረው እሳት ቀልቶ ይንቀጠቀጣል። የሞተሩ ሽፋን እጅ አያስነካም። በማግስቱ ቧንቧውን ሳወጣው የላይኛው ጥምዝ ላይ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ዳርና ዳሩ በቢጫና ነጭ ቅርፊት ተሸፍኖ በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል።

ጸሐፊው ይህን ቢያዩ “ብረቱ በሙቀት ተቃጠለ” ይሉ ነበር፤ ጽሑፋቸውም እንደዚያ ይላል። ብረቱን ግን የጎዳው መቀዝቀዙ ነው። ናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ ሲነድ ከጭሱ እንፋሎት ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል፤ ብረቱ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ካለው መጠን በታች ሲቀዘቅዝ እንደ ጤዛ ያርፍበታል። እኔ ቀዝቃዛውን የሌሊት አየር ያስገባሁት ጭሱ ከሁሉም በቀዘቀዘበት ጫፍ ነበር። አሲዱ በላው። ቧንቧው በመሳቢያው በኩል ስለሆነ ቀዳዳው አየር ከማፍሰስ ይልቅ ጭስ ሳበ፤ በርነሩ የራሱን ጭስ መልሶ እየተነፈሰ ታፈነ። በሣጥን የታሸገው በርነር ደግሞ ለሞቀ አየር አልተሠራም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የሚስበው አየር ነው። ሦስት ስህተት በአንድ ጊዜ፤ ሦስቱም የእኔ።

አራተኛው ስህተት ከሁሉም ይብሳል፤ ሒሳቡን አስቀድሜ አለመሥራቴ ነው። የዚያ ዳቦ ቤት ጭስ የሚወጣው በ280 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከዚህ ላይ አየሩን ወደ 150 ዲግሪ ብናደርሰው እንኳ ትርፉ ከመቶ 6 ገደማ ነው። ቧንቧውን ነቅዬ ከጣልኩ በኋላ የበርነሩን አየር መዝጊያ በትዕግሥት አስተካከልኩ፤ ትርፍ አየሩን፣ ማለትም ነዳጁ ለመንደድ ከሚፈልገው በላይ የሚገባውን፣ ከመቶ 60 አካባቢ ወደ 25 ማውረድ ብቻውን ከመቶ 4 የሚሆን ነዳጅ ያድናል። ለዚህ ያስፈለገኝ አንድ ብሎን መፍቻ ነው። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ “ቧንቧ አለህ?” እያሉ ይስቁብኛል።

ጸሐፊው “ዳቦ ቤት የዚህ መሣሪያ ቦታ አይደለም” ብለው ቢጽፉ ኖሮ ፈርሜ እስማማ ነበር። “መጀመሪያ ትርፍ አየራችሁን ቀንሱ፣ ከዚያ ስለ ሬኩፐሬተር አስቡ” ቢሉም እንዲሁ። ይህ ሁለተኛው በጋለ ምድጃ ላይ የበለጠ ይሠራል። ጭሱ 900 ዲግሪ በሆነበት ምድጃ ትርፍ አየርን በዚያው ልክ ማውረድ ከነዳጁ አንድ አምስተኛ ያድናል፤ ሬኩፐሬተሩ ራሱ ከሚያድነው አያንስም። ይህን ክርክር ለእሳቸው ማቀበሌ ሞኝነት ይመስል ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። እሳቸው ግን የሄዱት ሌላ መንገድ ነው። ከአንድ ክፉ ገጠማ ተነስተው ሙያውን በሙሉ ዘጉት።

ሁለተኛውን ሥራዬን ስላልሰሙ ልንገራቸው። ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ የወፍጮ ፑሊና የባጃጅ ዕቃ አቅልጦ የሚሠራ ትንሽ የአሉሚኒየም ቤት አለ። ምድጃው በእሳት ጡብ የተለበጠ በርሜል ነው። ክዳኑ መሐል ላይ ባለው ቀዳዳ ነበልባል ክንድ የሚያህል ዘልቆ ይወጣ ነበር፤ ወጣቶቹ ሻይ የሚያፈሉት በእሱ ላይ ነው። መጀመሪያ አየሩን አስተካከልን፤ ነበልባሉ አጠረ። አንድ ወር ሙሉ በዚያው እየሠራን የናፍጣውን ጀሪካን በደብተር አስቆጠርኩ። በሳምንት 12 ጀሪካን ሆነ።

ከዚያ ሁለት ሲሊንደር ሠራን፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ። የውስጡ 304 ከሚባለው የማይዝግ ብረት፣ የውጩ ከተራ ላሜራ። ጭሱ በሰፊው የውስጥ ቱቦ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ አየሩ በሁለቱ መካከል ባለው የሁለት ጣት ክፍተት ይሄዳል። አየሩን በዚህ ጊዜ ያስገባሁት ከታች፣ ጭሱ በጣም በጋለበት በኩል ነው። እርስ በርስ ፊት ለፊት ቢሄዱ ትርፉ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ነበልባል የሚልሰው ብረት ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ መረጥኩ። ሙቀት ትንሽ ይቅር፣ ብረቱ ይኑር ብዬ ነው። ናፍጣውን የሚበትነውን አየር ቀዝቃዛ አድርጌ ተውኩት፤ አለዚያ አፍንጫው ላይ ናፍጣው ይከስላል። የሞቀው አየር በዙሪያው ነው የሚገባው።

በወረቀት ላይ ሒሳቡ ከመቶ 18 ትርፍ ይላል። ደብተሩ ሌላ ይላል፤ 12 ጀሪካን የነበረው 10 ጀሪካንና ጥቂት ሊትር ሆነ፤ ከመቶ 14 ገደማ። ቀሪውን ጠዋት ጠዋት ብረቱና ጡቡ እስኪሞቁ የሚጠፋው ጊዜና የክዳኑ ክፍተት በልተውታል። ናፍጣ በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን በሳምንት ከ30 ሊትር በላይ መቆጠብ ለዚያ ቤት የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። የብረቱና የብየዳው ወጪ በአምስተኛው ወር ተመለሰ።

“መብራት ሲሄድስ?” ይላሉ ጸሐፊው፤ ይህ ከነጥቦቻቸው ሁሉ የከበደው ነው፤ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። መብራት ሲሄድ ብሎወሩ ይቆማል። እሳቱም ይጠፋል፤ የጋለው ጡብ ግን ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ ጋዙ ያለ ማቀዝቀዣ አየር በባዶው ሲሊንደር እየወጣ ብረቱን ያግለዋል። በትልልቅ ፋብሪካ ለዚህ በራሱ የሚከፈት ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ አለ። እኛ ጋ ሰው አለ። ጭሱን ከክዳኑ ወደ ሲሊንደሩ የሚወስደውን ክርን (የታጠፈ ቱቦ) በማጠፊያ ላይ አስቀመጥነው፤ መብራት ሲሄድ ከሠራተኞቹ አንዱ ረጅሙን እጀታ ይስባል፤ ክርኑ ዞር ይላል፤ ሙቀቱ በቀድሞው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ጅማ ውስጥ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ለጅማ ሰው አይነገርም። ልጁ አሁን አምፖሉ ብልጭ ሲል እጁ እጀታው ላይ ነው።

ጸሐፊው በመፍትሔነት ያቀረቡት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሙቀቱን ለቡና ማድረቂያ ማዋል። ቡና ሽታ እንደሚስብ የጅማ እናት ሁሉ ታውቃለች፤ የናፍጣ ጭስ አጠገቡ አይደርስም፤ በንጹሕ አየር እንኳ ቢሆን ቡናው የሚደርቀው ገጠር በማድረቂያ አልጋ ላይ፣ በመከር ወራት ነው። ምድጃው ከተማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይነዳል። የምድጃው የራሱ አየር ግን ሙቀቱ በሚወጣበት ቅጽበት፣ በዚያው ቦታ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚህ የሚቀርብ ገዢ ከየት ይገኛል?

ሌላው “ግቤ አጠገባችሁ ነው፤ ለምን በኤሌክትሪክ አታቀልጡም?” የሚለው ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የግልገል ግቤ አንድን ግድብ ውኃ እያየን እናልፋለን፤ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ጭስ ስለሌለ የእኔም ሥራ አያስፈልግም፤ ቀኑ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለአንድ ቤት ትራንስፎርመር አስገብቶ፣ ምድጃ ለውጦ፣ ብረቱ ግማሽ ቀልጦ ሳለ መብራት እንዳይቋረጥ ዋስትና ማግኘት ዛሬ የሚሆን አይደለም። ናፍጣው ግን ዛሬም እየነደደ ነው።

ጸሐፊው ሊከራከሩኝ የሚችሉበትንም ልጨምር። አየሩ ሲሞቅ ነበልባሉም ይጋላል፤ የጋለ ነበልባል የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያበዛል፤ ሳንባ ይጎዳል። ሠፈር መሐል ላለ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጭስ ማውጫውን ከጣሪያ በላይ ያስረዘምነው በዚህ ምክንያት ነው። ማቅለጫው ድስትም በጋለው ነበልባል ቶሎ ስለሚያልቅ በርነሩን ከድስቱ ትንሽ ዘወር አድርገነዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያነዱ ቤቶች ደግሞ አመዱ ብረቱን ስለሚለብሰው በየሳምንቱ መጥረግ አለባቸው፤ ሰነፍ ቤት ባይጀምረው ይሻላል።

አንዱ ግን አሁንም አልተፈታልኝም። አሉሚኒየሙን ለማጥራት የሚጨመረው ጨው ሲተን የማይዝገውን ብረት ይበላዋል። ባለፈው ሳምንት የውስጡን ሲሊንደር በባትሪ ብርሃን ሳየው የታችኛው የብየዳ መስመር ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተበታተኑ ጉድጓዶች አየሁ። ለጊዜው ጨው በሚጨመርበት ሰዓት ክርኑን ዞር እንዲያደርጉት ነግሬያቸዋለሁ፤ የታችኛውንም ቁራጭ ብቻውን ተፈትቶ የሚቀየር አድርጌ እንደገና እየቆረጥኩት ነው።